«አድዋ» ብሎ ለጠየቀ «ዓድዋ»ን ማድረስ፦ የአንድ ድረ ገጽ ፍለጋ ጥገና ማስታወሻ

ሰኞ ጠዋት

የተረከብኩት የአንድ የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ነው። የተሠራው በፓይተን የድረ ገጽ መሥሪያ በጃንጎ ሲሆን መረጃው የሚቀመጠው በፖስትግሬስ 15 ዳታቤዝ ነው። አራት ሞዴሎች (የመረጃ ዓይነቶች) አሉት፦ መጽሐፍ፣ ደራሲ፣ መጣጥፍና የድምፅ ቅጂ። የድምፅ ቅጂዎቹ ከሽማግሌዎች ጋር የተደረጉ ቃለ ምልልሶች ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ጋር ወደ ጽሑፍ የተገለበጠው ሙሉ ቃል ተቀምጧል። ከገጹ አናት ላይ አንድ የፍለጋ ሳጥን አለ። ከአራቱም ሞዴሎች በአንድ ጊዜ ፈልጎ ማምጣት ነበረበት፤ የሚያመጣው ግን ጥቂት ነው፣ ያመጣውም ቅደም ተከተል የለውም።

ኮዱን ከመክፈቴ በፊት የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ አነጋገርኳቸው። «ልጄ፣ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ አለ፤ እኔው ነኝ የመዘገብኩት። አንባቢው ግን ፈልጎ ስላጣው የላችሁም ብሎ ሄደ» አሉኝ። አንድ ነገር ለመንኳቸው፦ በአንድ ወረቀት ላይ በግራ በኩል አንባቢ የሚጽፈውን፣ በቀኝ በኩል መምጣት ያለበትን እንዲጽፉልኝ። ምሳ ሳይደርስ ሁለት ገጽ ሞልተው ሰጡኝ። ያንን ወረቀት መስመር በመስመር ወደ ቴስት፣ ማለትም ኮዱን በራሱ ወደሚፈትሽ ሙከራ፣ ቀየርኩት። ፍለጋ ላይ አንዱን ሲያበጁ ሌላው ሳይታወቅ ይበላሻል፤ መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የጻፈው ዝርዝር ከሌለ የት እንደተደረሰ ማወቅ አይቻልም።

ወረቀቱ ላይ ካሉት ብዙዎቹ አላለፉም። «አድዋ» እና «ዓድዋ» የተለያየ ውጤት ያመጣሉ፤ የሁለቱም ጎደሎ ነው። አንድ መጽሐፍ ተደጋግሞ ይመጣል። ባለፈው ሳምንት ከኤክሴል በጅምላ የገቡት መጻሕፍት ጭራሽ አይገኙም። የተሰረዘ መጣጥፍ ደግሞ አሁንም ይመጣል፤ ሲጫኑት ባዶ ገጽ ይከፍታል።

ሰኞ ከሰዓት

ከተደጋገመው ውጤት ጀመርኩ። የነበረው ኮድ የመጽሐፉን ርዕስ፣ የደራሲዎቹን ስምና የርዕሰ ጉዳይ መለያዎቹን በአንድ ቬክተር (ለፍለጋ በተዘጋጀ የቃላት ዝርዝር) አጣምሮ ይፈልጋል። ደራሲም ሆነ መለያ ከመጽሐፍ ጋር የተያያዙት በብዙ ለብዙ ግንኙነት ነው። ስለዚህ ዳታቤዙ ሠንጠረዦቹን ሲያገናኝ ሦስት ደራሲና አራት መለያ ያለው መጽሐፍ 12 ረድፍ ይሆናል። መጨረሻው ላይ ተመሳሳይ ረድፎችን የሚያስቀረው «ዲስቲንክት» ተጨምሮበታል፤ ግን እያንዳንዱ ረድፍ የያዘው ሌላ ደራሲና ሌላ መለያ ስለሆነ የደረጃ ነጥቡም ይለያያል። ነጥባቸው የተለያዩ ረድፎች ለዲስቲንክት አንድ አይደሉም፤ ሁሉንም ያሳልፋቸዋል።

ስሞቹን በ«ስትሪንግ አግ» ሰብስቦ አንድ ረድፍ ማድረግ ይቻላል። ሆኖም ሁለቱንም ግንኙነቶች በአንድ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ በሚላክ ጥያቄ) ከሰበሰብን እያንዳንዱ ስም በመለያዎቹ ቁጥር ልክ ይደጋገማል፤ ነጥቡም ያለ አግባብ ያብጣል። በመሰብሰቢያው ውስጥ ድግግሞሽን መከልከል ያስፈልጋል። ይህን ለጊዜው አድርጌ ቴስቱ አለፈ። ነገር ግን ተጠቃሚው በጠየቀ ቁጥር ሠንጠረዥ ማገናኘት መፍትሔ አይደለም፤ ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ የያዘኝ አራት ነጥብ ነው።

«ዓድዋ» ርዕሳቸው ላይ ያለ መጣጥፎች ይገኛሉ። ቃሉ በጽሑፉ ውስጥ ብቻ ያለባቸው ግን አንዳንዶቹ ይመጣሉ፣ አንዳንዶቹ አይመጡም፤ አጻጻፉ ያው «ዓድዋ» ሆኖ ሳለ። የማይመጡትን ጎን ለጎን ከፍቼ ሳነባቸው ቃሉ በሁሉም ላይ የዓረፍተ ነገር መዝጊያ ነው። አንዱን ዓረፍተ ነገር ቆርጬ ለ«ቲኤስ ዲበግ» ሰጠሁት፤ ይህ ፖስትግሬስ ጽሑፍን እንዴት ወደ ቃላት እንደሚከፋፍል የሚያሳይ መሣሪያ ነው። የመጨረሻው ቃል ሆኖ የወጣው «ዓድዋ።» ነው፤ አራት ነጥቡ እንደተለጠፈበት። «አዲስ፡አበባ» ተብሎ የተጻፈውም ሁለት ነጥቡን በመሃሉ እንደያዘ አንድ ቃል ሆኖ ወጣ። እንግዲህ «ዓድዋ» ብሎ የፈለገ ሰው «ዓድዋ።»ን አያገኝም፤ ለዳታቤዙ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው።

ሥርዓተ ነጥባችንን ፖስትግሬስ ስለማያውቀው ነው እንዳይባል፣ የኢትዮጵያ ፊደል ከነነጥቦቹ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው እትም ነው፤ በተለመደው የዩቲኤፍ 8 ሎኬል (የትኛው ምልክት ፊደል፣ የትኛው ነጥብ እንደሆነ የሚወስነው የቋንቋ ቅንብር) አራት ነጥብ ሥርዓተ ነጥብ መሆኑ ይታወቃል። የዚህ ዳታቤዝ ሎኬል ግን «ሲ» ነው። አስተናጋጁ ድርጅት ዳታቤዙን ሲፈጥር በዚያው ትቶታል። በሲ ሎኬል የፖስትግሬስ ቃል ለያይ ከመጀመሪያዎቹ 128 የአስኪ ምልክቶች ውጭ ያለውን ሁሉ እንደ ፊደል ይቆጥረዋል። ስለዚህ ።ም፣ ፣ም፣ ፤ም ፊደል ናቸው።

ለማረጋገጥ ወደ ትሪግራም ኤክስቴንሽኑ ሄድኩ፤ «ሰላም» የሚለውን ቃል በሦስት በሦስት ፊደል ቆራርጦ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ባዶ መለሰልኝ። በዚህኛው በኩል ደግሞ የኛ ፊደል ጭራሽ ፊደል አይደለም። በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ ለአንዱ መሣሪያ ሁሉም ፊደል፣ ለሌላው አንዱም ፊደል ያልሆነበት ምክንያት አንድ ነው።

የዳታቤዝ የፊደል ሎኬል አንዴ ከተፈጠረ በኋላ አይቀየርም። መረጃውን ወደ ፋይል አውጥቼ፣ «ቴምፕሌት ዜሮ» ከሚባለው የፖስትግሬስ ባዶ መነሻ ተነሥቼ በዩቲኤፍ 8 ሎኬል አዲስ ዳታቤዝ ፈጠርኩና መልሼ አስገባሁት። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ፦ የፍለጋ ቬክተሩ የተቀመጠው በተራ ኮለም (የሠንጠረዥ ዓምድ) ስለሆነ መረጃው ሲመለስ የተለጠፉት ቃላትም እንዳሉ አብረው ይመለሳሉ። ቬክተሮቹን እንደገና ማስላት ግድ ነው። ካሰላሁ በኋላ «ዓድዋ» ከነነጥቡ የተጻፈበትን ሁሉ አመጣ።

ማክሰኞ ማታ

አጭር ነገር። በላቲን ፊደል የተጻፉ ርዕሶች የማይገኙት ቬክተሩ የተሠራው «ሲምፕል» በሚባለው ኮንፊገሬሽን (የቃላት አያያዝ ደንብ)፣ ጥያቄው የሚሠራው ደግሞ በነባሪው «ኢንግሊሽ» ስለሆነ ነው። ኢንግሊሽ የቃሉን መጨረሻ ይቆርጣል፤ ሲምፕል አይቆርጥም። «ኮምፒውተርስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በቬክተሩ ውስጥ ሙሉውን ተቀምጦ ሳለ ጥያቄው «ኮምፒውት» ሆኖ ይሄዳል። የአማርኛ ቃላትን የኢንግሊሽ ቆራጭ ስለማይነካቸው ችግሩ ለረጅም ጊዜ ተደብቆ ኖሯል። ሁለቱንም ወገን በግልጽ ሲምፕል አደረግኋቸው። ከፖስትግሬስ ጋር ከሚመጡት የቋንቋ ኮንፊገሬሽኖች መካከል አማርኛ የለም፤ የቀረውን ራሳችን እንሠራዋለን።

ረቡዕ

የአራቱን ሞዴሎች ጉዳይ ዛሬ ወሰንኩ። የነበረው አሠራር አራት ኩዌሪ ልኮ አራቱን ዝርዝር በፓይተን ማጣበቅ ነው። በዚህ መንገድ ገጽ በገጽ ማሳየት አይቻልም፤ ሁለተኛውን ገጽ ለማወቅ የአራቱንም ውጤት ሙሉ በሙሉ ማምጣት ያስፈልጋል። የብዙ ኩዌሪዎችን ውጤት በአንድ የሚያዋህደውን የጃንጎን «ዩኒየን» ሞከርኩ። ኮለሞቹን በቁጥርና በዓይነት ካመሳሰሉ ይሠራል፤ ከዩኒየን በኋላ ግን መደርደርና መቁረጥ እንጂ ማጣራት አይፈቀድም። ኃላፊዋ «የድምፅ ቅጂ ብቻ አሳየኝ» የሚል ምልክት ይፈልጋሉ፤ ማጣሪያው በአራቱም ውስጥ ተደጋግሞ ሊጻፍ ነው።

ፖስትግሬስ ከ12ኛው እትም ጀምሮ ራሱ የሚሰላ ኮለም አለው፤ ጃንጎም ከ5.0 ወዲህ ይደግፈዋል። ግን እንዲህ ያለ ኮለም ከራሱ ረድፍ ውጭ ሌላ ሠንጠረዥ ማየት አይችልም፤ የደራሲው ስም ያለው ደግሞ ሌላ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው።

ስለዚህ አንድ የፍለጋ ሠንጠረዥ። እንደ ድሮው የካታሎግ ካርድ ሳጥን ማለት ነው፦ ዕቃው የትም ይቀመጥ፣ ካርዱ አንድ ቦታ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ የሞዴሉን ዓይነት፣ የዕቃውን መለያ ቁጥር፣ ለማሳያ የሚሆን ርዕስና የፍለጋ ቬክተር ይይዛል። በቬክተሩ ላይ የጂን ኢንዴክስ፣ ማለትም ቃሉ ያለባቸውን ካርዶች በፍጥነት የሚጠቁም ማውጫ፣ አለ። አንድ ኩዌሪ፣ አንድ ደረጃ፣ አንድ ገጽ ቆጠራ። ሠንጠረዥ ማገናኘቱ የሚደረገው ካርዱ ሲጻፍ ነው፤ የሰኞው የተደጋገመ መጽሐፍም ከነመንስኤው ቀረ። ኩዌሪው እንዴት እንደተፈጸመ በሚያሳየው «ኤክስፕሌይን አናላይዝ» ሲታይ ዳታቤዙ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ማንበቡን ትቶ በኢንዴክሱ ይሄዳል።

ካርዶቹን ስሞላ የድምፅ ቅጂዎቹ ጽሑፍ ላይ ተገታሁ። አንዱ ረጅም ቃለ ምልልስ «ለቬክተር ከልክ በላይ ረዘመ» የሚል ስሕተት አመጣ። የአንድ ቬክተር ጣሪያ 1 ሜጋባይት ነው። አንድ የኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል። አማርኛ ደግሞ ግስና ስምን በቅድመ ቅጥያና በድኅረ ቅጥያ ስለሚያበዛ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት የተለያዩ ቃላት እጅግ ብዙ ናቸው፤ ጣሪያው ቶሎ ይነካል። ከጣሪያው በታች ያሉትም ደህና አይደሉም፦ ፖስትግሬስ የቃልን ቦታ የሚቆጥረው እስከ 16383 ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቃል ሁሉ ያንኑ ቁጥር ስለሚይዝ በጥቅስ የተከበበ ሐረግ መፈለግ አይቻልም። ቃለ ምልልሶቹ ቀድሞውኑ በደቂቃ የተከፋፈሉ ስለሆኑ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ካርድ ሰጠሁት። ይህ ከችግር መውጫ ብቻ ሆኖ አልቀረም። አንባቢው ውጤቱን ሲጫን ሽማግሌው ስለጉዳዩ ከሚናገሩበት ደቂቃ ይጀምርለታል። ከጠቅላላው ሥራ ደስ ያለኝ ይህ ነው።

ሐሙስ

ፊደል።

«ዓፄ ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ሰዎች በስንት መንገድ ሊጽፉት እንደሚችሉ ቆጠርኩ። የመጀመሪያው ቃል በአ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ ሊጀምር፣ በፄ ወይም በጼ ሊያልቅ ይችላል፤ ስምንት። የሁለተኛው መነሻ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ነው፤ ስድስት። የሦስተኛው ስ ወይም ሥ፣ ሴ ወይም ሤ፤ አራት። ሲባዛ 192። «ኃይለሥላሴ» ተብሎ ተጋጥሞ የሚጻፍበት ሲታከል 384። በመረጃው ውስጥ ሁሉም የሉም፤ አንባቢው የጻፈውና መዝጋቢው የጻፈው የመገጣጠማቸው ዕድል ግን ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ቁጥሩ ያሳያል።

መፍትሔው ሁለቱንም ወገን ወደ አንድ መልክ ማምጣት ነው፦ የሐመሩ ሐና የብዙኃኑ ኀ ቤተሰቦች ወደ ሀ፣ ንጉሡ ሠ ወደ ሰ፣ ዐይኑ ዐ ወደ አ፣ ፀሐዩ ፀ ወደ ጸ። በሀ እና በአ ረድፍ ግዕዝና ራብዕ ስለሚደበላለቁ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይገባሉ። ጐንደርና ጎንደር፣ ቍጥርና ቁጥርም እንዲሁ። የአንባቢው ዓይን የሚያየው ጽሑፍ አይነካም፤ የሚቀየረው ቬክተሩ ውስጥ የሚገባው ብቻ ነው። ሥርዓተ ጽሕፈቱን ጠብቆ «ሥላሴ» ብሎ የጻፈ ደራሲ ቃሉን እንደጻፈው ያገኘዋል።

በዚሁ ማጣሪያ ውስጥ የግዕዝ ቁጥሮችን ወደ ተራው ቁጥር ቀየርኩ፤ ፲፰፻፹፰ የተባለውን 1888 ብሎ የጠየቀ እንዲያገኘው። የቆዩት መጻሕፍት የኅትመት ዘመን በግዕዝ ቁጥር ስለተመዘገበ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ምኅጻረ ቃል ግን አደከመኝ። ፖስትግሬስ «ት/ቤት»ን ሁለት ቃል ያደርገዋል፤ «ት» እና «ቤት»። ትምህርት ቤት ብሎ የፈለገ አያገኘውም። ት/ቤት፣ ፍ/ቤት፣ ዶ/ር፣ ወ/ሮ፣ ጠ/ሚኒስትር የመሳሰሉት በሰንጠረዥ ይፈታሉ። ስሞች ላይ ሲደረስ ግን «ወ/» ወልደ ነው ወይስ ወለተ? «ኃ/ማርያም» ኃይለ ማርያም ነው ወይስ ሀብተ ማርያም? በፊደል አሳጥሮ የጻፈው ሰው እንጂ ኮድ ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ በካርዱ ላይ ሁለቱም አፈታት ይገባሉ፤ በጥያቄው በኩልም «ይህ ወይም ያ» ተብሎ ይላካል። ትርፍ ውጤት ቢመጣ ይምጣ። በስሙ ምክንያት የማይገኝ ሰው እንዲኖር ግን አልፈልግም።

ይህ ሁሉ በአንድ ፋንክሽን ውስጥ ነው። ካርድ ሲጻፍም፣ ጥያቄ ሲመጣም የሚጠራው ያው አንዱ ነው። በሁለት ቦታ ቢጻፍ አንዱ ሲሻሻል ሌላው ይረሳል፤ የማክሰኞ ማታው የሲምፕልና የኢንግሊሽ ታሪክ በሌላ መልክ ይመለሳል።

ዓርብ

ቅጥያዎች። «ቤት» ብሎ ለጠየቀ «ቤቶች»ንም ማምጣት በላቲን ፊደል ለሚጻፉ ቋንቋዎች ቀላል ነው፤ «ቃሉ በዚህ የሚጀምር» የሚል ጥያቄ ይበቃል። በኛ ፊደል አይሠራም። «ቤቶች» ውስጥ «ት» የለም፣ ያለው «ቶ» ነው፤ አናባቢው ፊደሉ ውስጥ ስለሆነ ለኮምፒውተሩ ሌላ ምልክት ነው። «ቤቱ»ም «ቤታችን»ም እንዲሁ።

ግን ዩኒኮድ ፊደላችንን የደረደረበት መንገድ ያግዛል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ሠ 1220፣ ሰ 1230 ላይ ይጀምራሉ፤ ቁጥሮቹ በ16 ቤት የሚቆጠሩ ናቸው። ግዕዙ ዜሮ ቦታ ላይ ከሆነ ሳድሱ አምስተኛው ላይ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ፊደል ወደ ሳድስ ለመመለስ ለስምንት ሲካፈል የሚተርፈውን ቀንሶ አምስት መደመር ይበቃል። ሟ፣ ቷ፣ ሏ ሰባተኛው ቦታ ላይ ስለሆኑ በዚሁ ስሌት ም፣ ት፣ ል ይሆናሉ። እነቋ፣ ኳ፣ ጓ ግን የራሳቸው ረድፍ ስላላቸው አስቀድሞ ወደ ቀ፣ ከና ገ ቤተሰብ መመለስ አለባቸው።

ደንቡን እንዲህ አቆምኩት፦ ከፊት የ፣ በ፣ ለ፣ ከ፣ ስለ፣ እንደ ይነሣሉ፤ ከኋላ ን፣ ም፣ ና ይነሣሉ፤ ሳብዕ ፊደልን የተከተለ ች ይነሣል፤ የቀረው የመጨረሻ ፊደል ሳድስ ይሆናል። ከተቆረጠ በኋላ ቢያንስ ሁለት ፊደል መቅረት አለበት። ይህ የሥነ ልሳን ትንተና አይደለም። ለአማርኛ የተሟላ የቃል ትንተና የሚሠራ ሆርንሞርፎ የተባለ ነፃ መሣሪያ አለ፤ ለዚህ ድረ ገጽ ግን ማንም ተተኪ ከፍቶ በአንድ ጊዜ የሚያነበው አጭር ደንብ መረጥኩ። ቆራጩ ትርጉም የለሽ ግንድ ቢያወጣም ጉዳት የለውም፤ በሁለቱም ወገን ያንኑ እስካወጣ ድረስ ይገጣጠማሉ። ጉዳቱ ሁለት የተለያዩ ቃላት አንድ ግንድ ሲይዙ ነው።

እሱም መጣ። «መንግሥቱ» የሚለው የሰው ስም ተቆርጦ «መንግስት» ሆነ፤ በስም የፈለገ ሰው ስለ መንግሥት የተጻፈውን ሁሉ አገኘ። «በላይ» ደግሞ «ላይ» ሆነ፤ በላይ ዘለቀን የፈለገ «ላይ» የሚል ቃል ያለበት ሁሉ መጣለት። ሁለት ነገር አደረግኩ። ለሁለተኛው፣ በደራሲ ሠንጠረዥ ውስጥና በርዕሰ ጉዳይ መለያዎች ውስጥ ያሉ የሰው ስሞችን ሰብስቤ «ከፊት የማይቆረጡ» የሚል ዝርዝር አወጣሁ፤ በላይ፣ ከበደ፣ በቀለ፣ ለማ ሁሉም እዚያ አሉ። ለመጀመሪያው፣ ካርዱ ላይ ሁለት ቬክተር አስቀመጥኩ፦ አንዱ ቃሉን እንዳለ፣ አንዱ ግንዱን። ፍለጋው የሚጣራው በግንዱ ነው፤ ደረጃው ግን በዋናነት የሚሰላው እንዳለ በተቀመጠው ነው። አሁን «መንግሥቱ» ሲባል ሰውየው ከፊት፣ መንግሥት ከኋላ ይመጣል።

ቅዳሜ

በጅምላ የገቡት መጻሕፍት ያልተገኙበት ምክንያት ግልጽ ነበር። ካርዱን የሚያድሰው አንድ ዕቃ ሲቀመጥ የሚላከው የጃንጎ ሲግናል ነው፤ ብዙ ዕቃ በአንዴ የሚያስገባው «በልክ ክሪኤት» እና በኩዌሪ የሚደረግ «አፕዴት» ደግሞ ሲግናል አይልኩም። ከዚያ በላይ ደግሞ የደራሲ ስም ሲታረም የመጻሕፍቱ ካርድ አይታደስም፤ መጽሐፉ ራሱ አልተነካማ።

ለዳታቤዙ አስረከብኩት። በእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ላይ፣ መጽሐፍንና ደራሲን በሚያገናኘው መሃል ሠንጠረዥ ላይም ጭምር፣ ለውጥ ሲደረግ በራሱ የሚነሣ ትሪገር አስቀመጥኩ። ትሪገሩ ካርድ አይሠራም፤ «ይህ ሞዴል፣ ይህ ቁጥር ተነክቷል» ብሎ በአንዲት ጠባብ ሠንጠረዥ ላይ ይጽፋል፣ አበቃ። ፊደል የሚያመሳስለው ፋንክሽን በፓይተን ስለተጻፈ፣ በየደቂቃው የሚነሣ አንድ ትእዛዝ ከዚያች ሠንጠረዥ እያነሣ ካርዱን ይሠራል። ሁለት ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ቢነሣ እንዳይጋጩ «ስኪፕ ሎክድ» ተጨምሯል፤ አንዱ የያዘውን ሌላው ይዘለዋል። ዕቃው ከተሰረዘ ካርዱም ይሰረዛል፤ ወደ ባዶ ገጽ የሚወስደው ውጤት በዚህ ቀረ።

ሰኞ

ደረጃ። ከኃላፊዋ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው የሠራነው።

የፖስትግሬስ ደረጃ አስሊ «ቲኤስ ራንክ» የሚሰጠው ነጥብ በአንድ ካርድ ውስጥ ያለውን ብቻ ያያል፤ ቃሉ በመላው ስብስብ ውስጥ ብርቅ ይሁን የተለመደ አያውቅም። ክብደቶቹ ከተራው እስከ ከፍተኛው 0.1፣ 0.2፣ 0.4 እና 1.0 ናቸው። ለርዕስና ለስም ከፍተኛውን፣ ለመለያ ቀጣዩን፣ ለገለጻ ሦስተኛውን፣ ለሙሉ ጽሑፍ ዝቅተኛውን ሰጠሁ። ያም ሆኖ ረጃጅሞቹ መጣጥፎች ቃሉን ስለሚደጋግሙት ወደ ላይ ይወጣሉ። ነጥቡን በጽሑፉ ርዝመት ሎጋሪዝም የሚያካፍለውን ምርጫ፣ ቁጥር 1 የሚባለውን፣ ስጨምር ተረጋጋ።

የቀረውን ስሌት አይመልሰውም። ደራሲ በሙሉ ስሙ ሲጠራ የደራሲው ገጽ ከመጻሕፍቱ ይቅደም? ኃላፊዋ «አዎ፣ ስሙን የጠራ ሰው ሰውየውን ነው የፈለገው» አሉ። የቦታ ስም ሲሆንስ? «ድምፁን አስቀድምልኝ። መጽሐፍ ሌላም ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የነዚህን ሰዎች ድምፅ ግን ከኛ በቀር የያዘ የለም።» ይህን በኮዱ ውስጥ ከነምክንያቱ ጻፍኩት፤ ነገ የሚረከበኝ ሰው ቁጥሩን ብቻ አይቶ እንዳይለውጠው።

ማክሰኞ

ፍለጋው ባዶ ሲመለስ «ይህን ማለትዎ ነው?» የሚል ጥቆማ። ሎኬሉ ስለተስተካከለ ትሪግራም አሁን ይሠራል፤ ሆኖም ለኛ ፊደል እንዳለ አይበጅም። «ምኒልክ» እና «ሚኒሊክ» አምስት አምስት ትሪግራም ያወጣሉ፤ ከሁለቱ የሚጋሩት አንድም የለም። ተመሳሳይነታቸው ዜሮ ነው። በአናባቢ ብቻ የሚለያዩ ሁለት አጻጻፎች በኛ ፊደል ፈጽሞ የተለያዩ ምልክቶች ስለሚሆኑ ነው።

የዓርቡን የሳድስ ስሌት በቃሉ ፊደላት ሁሉ ላይ ስፈጽመው ሁለቱም «ምንልክ» ሆኑ። ይህን አጽም በተለየ ኮለም አስቀመጥኩና ጥቆማው በእሱ ይሠራል። ለዋናው ፍለጋ ግን አይሆንም፦ «ንጉሥ»፣ «ንግሥ» እና «ነገሠ» አጽማቸው አንድ ነው። ለጥቆማ ይበቃል፤ ምርጫው የአንባቢው ስለሆነ።

ቃሉን በውጤቱ ላይ በቀለም ማጉላትም ዛሬ አለቀ። የፖስትግሬስ «ሄድላይን» የሚሠራው በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ስለሆነ «አድዋ» በሚል ጥያቄ «ዓድዋ»ን አያቀልምም። ነገር ግን የፊደል ማመሳሰሉ አንዱን ፊደል በአንድ ፊደል የሚተካ ስለሆነ በተመሳሰለው ጽሑፍ ላይ ቃሉ ያለበት ቦታ በመጀመሪያውም ላይ ያው ነው። ቦታውን ከአንዱ አግኝቼ ቀለሙን በሌላው ላይ እቀባለሁ። ምኅጻረ ቃል የተፈታበትና የግዕዝ ቁጥር የተቀየረበት ቦታ ላይ ብቻ ቆጠራው ስለሚዛነፍ እሱ ሳይቀለም ያልፋል።

ረቡዕ

ወደ ሥራ ገባ። ውጤት ያጡ ጥያቄዎችን፣ የጠያቂውን ማንነት ሳንይዝ፣ ቃሉን ብቻ መመዝገብ ጀመርን። ከቀትር በፊት ከተመዘገቡት አንዱ «ነገሥታት» ነው። በመረጃው ውስጥ «ንጉሥ» ሞልቷል፤ የውስጡ ድምፅ የሚቀየር ብዙ ቁጥር ግን በቆራጩ ደንብ አይያዝም። መጽሐፍና መጻሕፍት፣ ደብርና አድባራት፣ ንጉሥና ነገሥታት በሁለት ኮለም በተራ ፋይል ላይ ተጽፈው ካርዱ ሲሠራ ሁለቱም እንዲገቡ አደረግኩ። ፋይሉን ኃላፊዋ በራሳቸው እንዲያርሙት ከአስተዳደር ገጹ ጋር አያያዝኩት፤ ሲያስቀምጡት ቃሉ የሚገኝባቸው ካርዶች ብቻ እንደገና ይሠራሉ። «ነገሥታት» አሁን ውጤት ያመጣል። ቀጥሎ በዝርዝሩ ላይ ያለው «ሊቃውንት» ነው።